አራት የዘመናችን ልጆች በ1690 ጎንደር ላይ ቢወድቁ፦ ለአንዲት ልቦለድ ጸሐፊ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ፦ «ጎንደር ነው የምኖረው፣ ልቦለድ እየጻፍኩ ነው። አንድ የኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተማሪ፣ አንዲት ነርስ፣ አንድ ቱር ጋይድና አንድ ሙስሊም ባጃጅ ሹፌር ፒያሳ ላይ እንደቆሙ ድንገት እ.ኤ.አ. 1690 ላይ ራሳቸውን ያገኙታል፣ መመለሻ የላቸውም። በሁለተኛው ዓመት መብራት ያበራሉ፣ በአምስተኛው የእንፋሎት ባቡር ወደ ምፅዋ ይዘረጋሉ፣ አገራችን አውሮፓን ትቀድማለች። ሹፌሩ ምዕራፍ 3 ላይ ይሞታል። ያሳምናል ወይ? እውነት በዚያ ዘመን ጎንደር ላይ ምን መሥራት ይቻል ነበር?»

የኔ እህት፣ ሐሳቡን ከልቤ ነው የወደድኩት፣ እንዲህ ዓይነት ልቦለድ በአማርኛ መጻፍ አለበት ብዬ ስለማምን መልሴን ረዘም አደርገዋለሁ ታገሺኝ። ሥራዬ የጎንደር ዘመን ታሪክ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ አንቺ እንደጻፍሽው በፈረንጆቹ ነው የምጠቅሰው እንዳይምታታ።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ። ያንቺ ፕሎት የቆመው «ልጆቹ ምን መሥራት ያውቃሉ» በሚለው ላይ ነው። ጎንደር ግን በ1690 መጀመሪያ የምትጠይቃቸው እሱን አይደለም፣ «የማን ሰው ናችሁ» ነው የምትላቸው። ጌታችሁ ማነው፣ ዋሳችሁ ማነው፣ ሃይማኖታችሁ ምንድነው፣ ከማን ጋር ነው የምትበሉት። ለዚህ መልስ የሌለው ሰው የፈለገውን ያህል ቢያውቅ ማታ የሚያድርበት ቤት የለውም፣ ጎንደር ደግሞ ማታ ውጭ የሚታደርባት ከተማ አልነበረችም፣ ከ80 ዓመት በኋላ የመጣው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ጅቡ ሌሊት ሌሊት መንገዱን ሞልቶ እንደሚዞር ጽፏል። ደግሞ ጅብ ብቻ አይደለም፣ የባሪያ ንግድ ያለበት አገር ነው፣ ዘመድም ጌታም የሌለው መንገደኛ ጠፋ ብሎ የሚፈልገው ሰው የለም ማለት ነው። ይሄን ምዕራፍ 1 ላይ አንድ ቦታ እንኳን አላስገባሽውም፣ አራቱ ልጆች ወርደው በማግስቱ ንጉሡ ፊት ቆመው ስለ ኤሌክትሪክ ያስረዳሉ። ንጉሡ ጋ ለመግባት እኮ ባልደረባ ያስፈልጋል፣ ማለትም ጉዳይሽን ይዞ የሚያስገባሽ የግቢ ሰው። ሰው ከከሰሰሽና ዋስ የሚሆንሽ ከጠፋ ከከሳሽሽ ጋር በአንድ ሰንሰለት ቁራኛ ትታሰሪያለሽ፣ ችሎቱ እስኪያልቅ አብረሽው ትውያለሽ አብረሽው ታድሪያለሽ። እስቲ አስቢው፣ ኢንጂነሩን በመጀመሪያው ሳምንት «በቅሎዬን ሰርቋል» ከሚል ሰው ጋር በሰንሰለት ብታስሪው ከመብራቱ የበለጠ ታሪክ ይወጣዋል።

ሃይማኖቱ ላይ ደግሞ በጣም ተጠንቀቂ። ካቶሊኮቹን ሚሲዮናውያን አፄ ፋሲለደስ ካባረራቸው ገና 60 ዓመት እንኳን አልሞላውም፣ በሱስንዮስ ዘመን በሃይማኖት ምክንያት የፈሰሰው ደም ትዝታው ትኩስ ነው። በ1668 ጻድቁ ዮሐንስ ጉባኤ ሰብስቦ የፈረንጅ ዘር ያለው ወይ እምነታችንን ይቀበል ወይ አገር ይልቀቅ፣ እስላሙና ቤተ እስራኤሉ ደግሞ ለየብቻው ሰፈር ይኑር ብሎ አስወስኗል። በ1716 ሦስት የፍራንሲስካን ካቶሊክ መነኮሳት እዚሁ ጎንደር ላይ በድንጋይ ተወግረው ሞተዋል። ስለዚህ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ፣ ልብሱ እንግዳ፣ አነጋገሩ እንግዳ የሆነ ሰው ሲታይ መጀመሪያ የሚታየው አንገቱ ነው፣ ማተብ አለው ወይስ የለውም። ነርሷ ፕሮቴስታንት ናት ብለሽ ምዕራፍ 2 ላይ በአንድ መስመር ነው ያለፍሽው፣ እኔ ብሆን የመጽሐፉ ትልቁ ፍርሃት እሱ ነበር የሚሆነው፣ ማተብ ታስራለች ወይስ አታስርም፣ ብታስር ለራሷ ምን ትላለች፣ ባታስር ሦስቱን ይዛ ትጠፋለች። ኢንጂነሩ ተዋህዶ ስለሆነ ችግር የለበትም ብለሽ ከሆነ እሱም በ1690 በነገሠው በአፄ ኢያሱ ዘመን ብቻ ነው፣ ከ1716 እስከ 1721 የነገሠው ሣልሳዊ ዳዊት ከተዋህዶ ጋር የሚከራከሩትን ቅባት የሚባሉትን ወገኖች ደግፎ የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት አስፈጅቷል፣ ስለዚህ ትክክለኛው መልስ ከንጉሥ ንጉሥ ይለያያል።

አሁን ወደ ሰዎቹ ልምጣ። ሹፌሩን መልሺልኝ። ከአራቱ ውስጥ ጎንደር ላይ ቶሎ ሰው የሚያገኘው እሱ ነው እኮ፣ አንቺ ግን መጀመሪያ ገደልሽው። ከቃሃ ወንዝ አጠገብ ያለው እስላም ቤት፣ ዛሬ አዲስ ዓለም የምንለው፣ የነጋዴ ሰፈር ነው። ሲራራ ነጋዴው ወደ ምፅዋም ሱዳን ውስጥ ወዳለው ስናርም የሚመላለስ ስለሆነ የሩቅ አገር ሰው ማየት ለሱ ብርቅ አይደለም፣ ሶላቱ ያው ሶላት ነው፣ ልጁ ቁርኣን ቤት ተምሮ ከሆነ ትንሽ አረብኛ ያነባል፣ ዱዓውን ያውቃል፣ እነዚያ ሰዎች ደግሞ የተቸገረ ወንድም በራቸው ላይ ጥለው አይተኙም። ሌላ ነገር ልጨምርልሽ፣ የግቢው የውጭ ጉዳይ በብዛት የሚሄደው በነጋዴ እጅ ነበር። አፄ ኢያሱ ቆዳውን አሞት ሐኪም ሲፈልግ ካይሮ ድረስ የላከው ሐጂ ዓሊ የሚባል ሙስሊም ነጋዴ ነው፣ እሱ ነው ፈረንሳዊውን ሐኪም ፖንሴን ይዞ የመጣው፣ ፖንሴ ጎንደር የገባው በ1699 ነው። ሆላንዶች ጋ ባታቪያ (የዛሬዋ ጃካርታ) ድረስ መልእክት ያደርስ የነበረው ደግሞ ሙራድ የሚባል የአርመን ነጋዴ ነው። እንግዲህ ወደ ንጉሡ የሚያስገባሽ አንዱ በር እስላም ቤት ነው ያለው ማለት ነው፣ ቁልፉን የያዘው ደግሞ አንቺ ምዕራፍ 3 ላይ የቀበርሽው ልጅ ነው። ባጃጅ ላይ ዓመታት የኖረ ልጅ እጁም ይሠራል፣ የተበላሸ ነገር ፈትቶ መግጠም ለኢንጂነሪንግ ተማሪው በክላስ የተማረው ነው ለሱ ግን እንጀራው ነበር።

ቱር ጋይዱ ልጅነቱን ቄስ ትምህርት ቤት ነው ያሳለፈው ብለሻል፣ በጣም ጥሩ፣ ያንን አጥብቀሽ ያዢው። በዚያ አገር «የማን ነህ» ሳይባል አገር ለአገር የሚዞር አንድ ዓይነት እንግዳ አለ፣ የቆሎ ተማሪ። ደበሎውን ለብሶ አኩፋዳውን ይዞ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ካለ ቁራሽ ይሰጠዋል፣ ውሻው ይጮህበታል እንጂ ሰው አይከሰውም፣ አነጋገሩ ቢለይ «የሩቅ አገር ተማሪ ነው» ይባላል ያልቃል። ጎንደር ደግሞ የአቋቋሙም የቅኔውም አገር ናት፣ ተማሪ ይጎርፍባታል። ደብዳቤም ሆነ ዜና መዋዕል የሚጻፈው በግእዝ ስለሆነ ኢንጂነሩ በአማርኛ ጽፎ ለንጉሥ ያቀረበውን ባለ 12 ገጽ ፕሮፖዛል አውጪውና ይሄን ልጅ ግእዝ እያስጠናሽ አስገቢው።

ነርሷ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም መጽሐፍሽን የምትሸከመው እሷ ናት። አንቺ የሰጠሻት ሥራ ፔኒሲሊን ነው፣ ከሻገተ ዳቦ። ሻጋታውን ማግኘት ቀላል ነው፣ መድኃኒቱን ነጥሎ፣ አጥርቶ፣ መጠኑን አውቆ መስጠት ነው ዳገቱ፣ አውሮፓና አሜሪካ እንኳን በጦርነት ጊዜ በስንት ላብራቶሪ ተረባርበው ነው በ1940ዎቹ በብዛት ያመረቱት። እሷ በእጇ ያለው ሌላ ነው። ተቅማጥ ሕፃኑን ሲያደርቀው አንድ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ፣ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ይሄን ማንኛዋም ነርስ በእንቅልፏ ታውቀዋለች። ስኳር የለም፣ ማር ግን የጎንደር ቤት ሁሉ ያውቀዋል፣ ማር ባይሆን ደግሞ ቀጠን ያለ የገብስ አጥሚት። ጨዉ ግን ገንዘብ ነው፣ አሞሌ ከአፋር በግመልና በበቅሎ ተጭኖ የሚመጣ መገበያያ ነው። ሲኑን እንዲህ አስቢው፣ እናትየዋ አሞሌውን ከሙዳይ አውጥታ በጨርቅ እንደተጠቀለለ ትይዘዋለች፣ ነርሷ በቢላ ጫፍ ጥቂት ፈርፍራ ከውሃው ውስጥ ትጨምራለች፣ የሴትየዋ ዓይን ከልጇ ላይ ተነስቶ ወደ ፍርፋሪው ይሄዳል ተመልሶ ልጇ ላይ ያርፋል፣ ከዚያ በየትንሹ በቀንድ ዋንጫ ጠብ እያደረጉ ሌሊቱን ሙሉ። ጠዋት ልጁ ዓይኑን ከገለጠ ያቺ ሴት የነርሷ ዋስ ናት በቃ፣ ባሏም ዋስ ነው፣ የባሏ ጌታም ስሟን ይሰማል። ከአዋላጅነት ጋር አያይዢው፣ እጅ በእንዶድ መታጠብ፣ ምላጩን ማፍላት፣ እትብት በንጹሕ ክር ማሰር፣ ይሄ ሁሉ ምንም ፋብሪካ አይፈልግም።

ፈንጣጣውን ግን በጥንቃቄ አድርጊው። ከታማሚ ቁስል መግል ወስዶ የጤነኛውን ክንድ ጫር አድርጎ ማስገባት እውነት ይሠራል፣ በራሱ የያዘው ፈንጣጣ ከ100 ሰው 20 እና 30 ሲገድል በዚህ መንገድ የተከተበው ላይ ሞቱ ከ100 ወደ 1 ወይም 2 ይወርዳል። ከላም የሚወሰደው የጄነር ክትባት ገና ከ100 ዓመት በኋላ በ1796 ነው የሚመጣው፣ እሷ ግን ሐሳቡን ታውቃለች። ችግሩ እዚያ 2 ውስጥ ነው። ጤነኛ የነበረ ልጅ በእጇ ጭራው ቢሞት ያ ልጅ ደም አለው፣ ደመኛ ትሆናለች፣ ቁጥር እየጠራች አታስረዳም፣ ወይ የደም ዋጋ ትከፍላለች ወይ ለዘመዶቹ ትሰጣለች ወይ እጨጌ ቤት ገብታ ትማጸናለች፣ እጨጌ ቤት የተማጸነ ሰው አይነካም ነበርና። ብሩስን እንደ ሞዴል ውሰጂው፣ በ1770 ጎንደር ሲገባ ቁስቋም ግቢ ውስጥ ፈንጣጣ ገብቶ አገኘው፣ ያደረገው ነገር ቀላል ነው፣ የታፈነውን ክፍል በርና መስኮት አስከፈተ፣ በዕጣንና በከርቤ አሳጠነ፣ በሞቀ ውሃና ሆምጣጤ አሳጠበ። ከታመሙት የዳኑለት አሉ፣ እነ እቴጌ ምንትዋብና ወይዘሮ አስቴር ወዳጆቹ ሆኑ፣ ከዚያ ነው ባለሟል የተባለው። ሻማ በጠመንጃ ተኩሶ ጋሻ በስቶ ያስገረማቸውም ከዚያ በኋላ፣ ቤተኛ ከሆነ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን ተመልከቺልኝ፣ መጀመሪያ ሰው፣ ከዚያ ትርኢት።

ኢንጂነሩ ምን ይሥራ ነው ጥያቄው። መብራቱን ተዪው፣ መዳብ ከባሕር ማዶ ነው የሚመጣው፣ ሽቦ ተጎትቶ በጥጥና በሰም ሊለበጥ ይችል ይሆናል ሰም ሞልቷል፣ ግን ማግኔቱ፣ ዚንኩ፣ አምፖሉ የሚፈልገው አየር የወጣለት ብርጭቆ፣ ይሄ ሁሉ ተሟልቶ ጧፍ ያለበት ግቢ ውስጥ አንድ የምትንቀጠቀጥ ብርሃን ለማሳየት ነው። እኔ የምልሽ ወፍጮ ነው። በዚያ ዘመን ጎንደር የምትበላው ዱቄት በሙሉ ሴት ተንበርክካ በመጅና በወፍጮ ድንጋይ የፈጨችው ነው፣ በየቀኑ ሰዓታት፣ ጎህ ሳይቀድ ጀምሮ፣ በትልልቅ ቤቶች ገረዶችና ባሪያዎች፣ ሰራዊት ሲዘምት እንኳን የሚፈጩ ሴቶች አብረው ይሄዳሉ። የውሃ ወፍጮ ደግሞ በጣም ቀላሉ ዓይነት ማርሽ የለው ጥርስ የለው። አንድ የወይራ ግንድ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ እግሩ ስር ጠንካራ ድንጋይ ተቦርቡሮ ይሾልበታል፣ ከታች ዙሪያውን እንደ ማንኪያ የተቦረቦሩ ክንፎች ይተከሉበታል፣ ውሃው ከላይ በእንጨት አሸንዳ ተወርውሮ ክንፎቹን ሲመታ ግንዱ ይሽከረከራል፣ ጫፉ የታችኛውን ድንጋይ መሐል ለመሐል ሰንጥቆ አልፎ የላይኛውን ያዞራል። ብረት የሚፈልገው አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ የላይኛው ድንጋይ ግንዱ ላይ የሚያርፍበት መስቀለኛ ብረት።

ለዚህች አንዲት ብረት ስትይ ደግሞ ሙሉ ምዕራፍ ታገኚያለሽ። ብረት የሚቀጠቅጡት ቤተ እስራኤሎቹ ናቸው፣ ወናፉ አጠገብ ሄደሽ ቁጭ ካልሽ «ቡዳ ነው» ከሚባለው ሰው ጋር ነው የተቀመጥሽው፣ እነሱም በበኩላቸው በውጭ ሰው መነካትን የሚያረክስ አድርገው ነው የሚያዩት። ኢንጂነሩ ብረቱ ትክክል መሆኑን ለማየት እጁን ይዘረጋል፣ አንጥረኛው መሬት ላይ አስቀምጦለት ወደ ኋላ ይላል። ልጁ ደጋግሞ እዚያ ሰፈር ታየ ማለት ግን ከተማው ውስጥ ማዕድ የሚያቀርበው ይጠፋል። አንቺ ኢንጂነሩን ራሱን ብረት አቅላጭ አድርገሽዋል፣ እሱ እንዲህ ቢያደርግ ሙያው ሳይሆን ስሙ ነው የሚወጣለት። ከዚያ ደግሞ የወንዙ ዳር የሰው ርስት፣ ግብሩ የቤተ ክርስቲያን ወይ የመኳንንት ጉልት ነው፣ ቦይ ለመቅደድ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ለፈቃዱ ዋስ ያስፈልጋል፣ ዋሱ ያቺ ልጇ የዳነላት ሴት ባል ነው። አንገረብ በክረምት ድንጋይ ያንከባልላል በበጋ ይሳሳል፣ ወፍጮው በዓመቱ ግማሽ ቁጭ ነው፣ ይሄንንም አትደብቂው።

ማን ይደግፈዋል? እዚህ ጋ ብዙ ጸሐፊ ይሳሳታል፣ ጥቅሙ ለሁሉም የታወቀ ይመስለዋል። የሚፈጩት ሴቶች ድካም ለጌቶቹ ወጪ አይደለም፣ ስለዚህ ብዙው መኳንንት ምን ቸገረኝ ይላል። የሚቸግረው ለንጉሡ ግብር የሚያዘጋጀው አዛዥ ነው፣ በበዓል ቀን ለዚያ ሁሉ ሰራዊትና ካህን እንጀራ ማቅረብ ያለበት ሰው፣ ዱቄት ካነሰው የሚዋረደው እሱ ነው። ኢንጂነሩን የዚህ ሰው ሰው አድርጊው። ከዚያ ደግሞ ያቺ ከንጋት በፊት የምትነሳ ገረድ ሰዓቷ ሲተርፍ ምን ትሆናለች የሚለውን ጻፊ፣ ትፈታለች ወይስ ጥጥ እንድትፈትል ይጨመርባታል? እኔ ሁለተኛው ይመስለኛል፣ ልጁም ይሄን ባየ ቀን ወፍጮውን ሲሠራ ያልጠበቀውን ነገር ነው የሚያየው፣ ልቦለድሽ እዚያ ቦታ ላይ ትልቅ ሥራ የመሆን ዕድል አለው።

ባቡሩን በአጭሩ ልመልስልሽ፣ አይሆንም። መለኪያ ከፈለግሽ ጋፋትን ውሰጂ። በ1860ዎቹ አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ እጃቸው የሚሠራ አውሮፓውያን ሰብስቦ፣ ንጉሡ ራሱ ቀን ከሌት እየተከታተለ፣ የአገሩን ሰውና ነሐስ አሟጦ፣ ከስንት የከሸፈ ሙከራ በኋላ ሴባስቶፖል ወጣች፣ 7 ቶን ገደማ፣ ከዚያ መቅደላ ድረስ መንገድ እየተጠረገላት በሰው ጉልበት ተጎተተች። ያ ሁሉ ለአንድ መድፍ ነው። የአገሩ ከውር፣ ማለትም የብረት ምድጃው፣ ብረት አቅልጦ እንደ ውሃ አያፈስም፣ ተቀጥቅጦ ማረሻና ጦር የሚሆን ጥቂት ብረት ነው የሚያወጣው፣ ከዚያ ላይ የእንፋሎት ማፍያና መቶ ኪሎሜትሮች ሐዲድ አይወጣም። ምፅዋ ደግሞ በቱርኮች እጅ ናት፣ ብሩስ በ1769 ህዳር ላይ ከዚያ ተነስቶ ጎንደር የገባው በ1770 የካቲት ነው፣ መንገዱ እንዲህ ነው።

እና ታሪኩ በምን ይቀየር ካልሽኝ ቱር ጋይዱ የሚያውቀውን አንድ ነገር ስጪው። አፄ ኢያሱ በ1706 ነው የሚገደለው። የሚወዳት ሴት ሞታበት ኀዘን ላይ ሆኖ ጣና ደሴት ገብቶ ሳለ ጎንደር ላይ ልጁ ተክለ ሃይማኖት ነገሠ፣ አባቱም ደሴቱ ላይ ተገደለ። ከዚያ ልጁ በ1708 ተገደለ፣ እስከ 1721 ድረስ ኢያሱን ጨምሮ አምስት ነገሥታት በ15 ዓመት ውስጥ አለቁ። ልጆችሽ በ1690 ከወደቁ 16 ዓመት አላቸው። ነርሷ በአዋላጅነቷ የግቢ ሴቶች ቤተኛ ሆና ያቺን ሴት ብታድናትስ? በምን እንደታመመች አንቺ ነሽ የምትወስኚው። ንጉሡ ጣና አይሄድም፣ ልጁ አይነግሥም፣ ያ ሁሉ መገዳደል በዚያ መልኩ አይመጣም። ባካፋ ምናልባት አይነግሥም፣ ምንትዋብ ከቋራ አትመጣም፣ ቁስቋም አትሠራም። ጎንደሬ አንባቢሽ ይሄን ሲያነብ ሰውነቱ ይነዝረዋል፣ እኔ ራሴ ስጽፍልሽ እየነዘረኝ ነው። ነርሷ ሴትየዋን ያዳነች ቀን ደግሞ ቱር ጋይዱ የሚያውቀው ታሪክ አለቀ፣ ከዚያ በኋላ እንደማንኛውም የጎንደር ሰው ነገ ምን እንደሚመጣ አያውቅም።

እስከዚያው ግን አፉን ይዝጋ። ንጉሥ ገና በሕይወት እያለ የሚሞትበትን ዓመት የሚናገር ሰው ሴረኛ ነው። «ቴዎድሮስ የሚባል ይነግሣል» ቢል ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ይመጣል የሚለውን የትንቢት መጽሐፍ ፍካሬ ኢየሱስን የሚያውቅ ደብተራ ሁሉ ጆሮው ይቆማል። ደግሞ ለቱሪስት ሲያወራ የኖረው በፈረንጆቹ ዓመት ነው፣ እዚያ ያሉት ሊቃውንት ዓመተ ዓለም ይቆጥራሉ፣ 1690 ለነሱ 7182 ነው፣ ንጉሡ በነገሠ በስንተኛው ዓመት እያሉም ነው የሚጽፉት። ልጁ ቁጭ ብሎ ሲያሰላ አንድ ዓመት ቢስት ምን እንደሚፈጠር አስቢው።

የቀሩትን ጥቃቅን ነገሮች ሳልዘረዝር ላውጣልሽ። ምዕራፍ 2 ላይ በማርያ ትሬዛ ብር ይገበያያሉ፣ ሴትየዋ እኮ በ1717 ነው የተወለደችው፣ አሞሌና ወርቅ በወቄት አድርጊው። ባሕር ዛፉን ቁረጪው፣ በምኒልክ ዘመን በ1890ዎቹ ነው የመጣው፣ ኮረብታው ላይ ወይራና ጥድ ይኑር። ድንቹንም እንደዚሁ፣ የ1850ዎቹ እንግዳ ነው። ልጆቹ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብተው የመላእክቱን ፊት ያያሉ ብለሻል፣ ቤተ ክርስቲያኑ ራሱ የተባረከው በ1694 ነው፣ ዛሬ የምናየው አራት ማዕዘን ሕንፃና ጣሪያው ላይ ያሉት መላእክት ደግሞ ከዚያም በኋላ የመጡ ናቸው። ፒያሳውን ጣልያን ነው የሠራው፣ ስለዚህ ሲነቁ የሚያዩት የፋሲልን ግንብ፣ የዮሐንስን ቤተ መጻሕፍትና የኢያሱን አዲስ ቤት ነው፣ የባካፋም የምንትዋብም ገና የለም፣ ቱር ጋይዱ ዓይኑን አዙሮ የጎደሉትን ሲቆጥር ነው ዘመኑን የሚያውቀው፣ ማንም ሳይነግረው። ቡና የክርስቲያን ቤት ውስጥ አታፍይ፣ የዚያን ጊዜ ቡና የእስላም ተብሎ ክርስቲያኑ አይጠጣውም። ነርሷ ቡና ናፍቋት ሹፌሩ ያለበት እስላም ቤት ተደብቃ ሄዳ ስትጠጣ ሰው ያያታል፣ ማተቧ ላይ ጥርጣሬው የሚጀምረው እዚያ ይሁን።

የመጨረሻው ጥያቄሽ በየትኛው ወር ይውደቁ ነበር። ሰኔ መጨረሻ ላይ። ነገሥታቱ በጋውን ዘመቻ ላይ ናቸው፣ ክረምቱን ነው ከተማ የሚቀመጡት፣ ስለዚህ ግቢው ሙሉ ነው። ወንዞቹ ስለሚሞሉ ነጋዴ አይንቀሳቀስም፣ ልጆቹም ከጎንደር መውጣት አይችሉም፣ ሹፌሩ እስላም ቤት ከነጋዴዎቹ ጋር ክረምቱን ተቀምጦ ይለማመዳል፣ ኢንጂነሩ አንገረብ ሞልቶ ሲወርድ ያየዋል። የክረምት በሽታ ስለሚበዛ ነርሷ ሥራ አታጣም። መስቀል ሲደርስና መንገዱ ሲከፈት አራቱም የሆነ ሰው ሰዎች ሆነው ይገኙ፣ ያልሆነ ካለ እሱን ነው የምትገድይው። አስተካክለሽ የመጀመሪያዎቹን አራት ምዕራፎች ስትጨርሺ ላኪልኝ፣ የቁራኛውን ሲንና የችሎቱን ክርክር አብረን እናየዋለን፣ በላ ልበልሃ የሚባለው የጥንቱ የችሎት ሙግት እንዴት እንደሚሄድ ሳታውቂ ብትጽፊው ይቆጨኛል።